ረጂውን ማን ይርዳው? ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ ስለ ጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ደኅንነት

ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በሁሉም አቅጣጫ ከምበትነው ይልቅ በአንድ አደጋ ላይ ቆሜ ልናገር መርጫለሁ።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ በተዳፋቱ ላይ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። በማግሥቱ ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን ጎረቤቱ፣ ዘመዱና የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያላገኘውም በባዶ እጁ አፈሩን እየማሰ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረብ ሳለ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። የሟቾቹ ቁጥር ከ2 መቶ 20 በላይ ደረሰ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙ አልነበሩም፤ ለማዳን የመጡ ነበሩ። የዞኑ ባለሥልጣናት በወቅቱ እንደ ገለጹት ከሞቱት ረጂዎች መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ይህን አደጋ የመረጥሁት በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ተለይተው የተቀመጡ ሁለት ቃላትን አንድ ላይ ስለሚያጋጥም ነው፤ «ረጂ» እና «ተጎጂ»። መጻሕፍቱ ረጂው ከሌላ ስፍራ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ፣ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አድርገው ይሥሉታል። በአገራችን ገጠር ግን በአደጋው ሰዓት የመጀመሪያዋ ረጂ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የእርሷም ቤት እዚያው ነው። ሬሳ ሲወጣ ፊቱን የምታጥበው የባልደረባዋን፣ የአክስቷን ልጅ ወይም ባለፈው ወር ያስከተበችውን ሕፃን ሊሆን ይችላል። ማታ ሲመሽ የምትመለስበት «ሌላ ስፍራ» የላትም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሸከማል? ሸክሙ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ካልለየነው ደግሞ መድኃኒቱንም አንለየውም። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው፤ ሦስተኛው ናዳ መቼ ይመጣል የሚለው ሥጋት። ይህ በአካል ላይ የሚያርፍ ነገር ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብ ያስመታል፣ ዝናብ ሲጀምር ያስበረግጋል። ሁለተኛው ሐዘን ነው። ፍርሃትና ሐዘን በመልክ ቢመሳሰሉም ጠባያቸው ይለያያል፤ ፍርሃት ሰውን ያስሸሻል፣ ሐዘን ግን ወደ ሞተው ሰው ይስባል። ሦስተኛውን እኔ የኅሊና ቁስል እለዋለሁ። አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ሁለት ሕሙማን ፊት የቆመ፣ «ይሄኛው ይተርፋል፣ ያኛው አይተርፍም» ብሎ የወሰነ ባለሙያ ውሳኔው ትክክል ቢሆንም እንኳ ከእርሱ ጋር ይኖራል። በመማሪያ ክፍል ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ካርድ እየለጠፍን ሕሙማንን መለየት እናስተምራለን። ጥቁሩን ካርድ የለጠፈው እጅ በኋላ ምን እንደሚሰማው ግን አናስተምርም።

አራተኛም አለ፤ በውጭ አገር ጽሑፎች ብዙም የማላገኘው ነው፤ እርሱም መርዶ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ይመክሩበታል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይኬዳል፣ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዙት ሰዎች አጠገቡ ይቆማሉ። መርዶ ነጋሪው ብቻውን አይደለም፤ ሸክሙ በብዙ ትከሻ ላይ የተከፋፈለ ነው። በአደጋ ጊዜ ይህ ሥርዐት በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ከሟቾች መካከል ናቸው፣ ወይም የራሳቸውን ሬሳ እየፈለጉ ነው። ስለዚህ መርዶው ነጭ ጋዋን በለበሰ የ24 ዓመት ወጣት ላይ ይወድቃል። በአንድ ቀን ለሃያ ቤተሰብ፣ በኮሪደር ላይ፣ ቆሞ ይናገራል። አንዱ ይወድቅበታል፣ አንዷ ደረቱን ትመታዋለች፣ ሌላው «ውሸትህን ነው» ይለዋል። ባሕላችን ለአንድ መርዶ አሥር ሰው ያሰልፍ ነበር፤ እኛ ለሃያ መርዶ አንድ ሰው አቆምን። የዚህ ወጣት ጭንቀት የግል ድክመት ነው ብሎ ማሰብ ከዚህ በኋላ የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማስረጃዎቹ ልሻገር። በመጀመሪያ አንድ መልካም ነገር መናገር ይገባኛል። ከአደጋ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መበርገግ፣ ትዝታው በድንገት እየመጣ ማስቸገሩ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም ማልቀስ የተለመዱ ናቸው፤ በሽታ አይባሉም። አብዛኛው ሰው ደኅንነት፣ ዕረፍትና ሰው ካገኘ ያለ ሕክምና ይሻለዋል። ስለዚህ የእኛ ሥራ በአደጋው ማግሥት ለሁሉም ባለሙያ የምርመራ ስም መለጠፍ አይደለም። ሥራችን የሚሻለውን እንዲሻለው ማድረግ፣ የማይሻለውን ጥቂት ክፍል ደግሞ በጊዜ መለየት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያለበት ስፍራ ሁሉ «ሁሉም ታሟል» የማለት ፈተና ስላለ ነው፤ ከእኛው ሙያ የሚመጣ ፈተና ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 በጃፓን ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ ወደ ስፍራው በተላኩ የሕክምና ቡድኖች አባላት ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ከአደጋው በኋላ በነበረው ወር በቀን 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የአደጋውን ዜና በቴሌቪዥን ይመለከቱ የነበሩት ከአራት ወራት በኋላ የባሰ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ታይቶባቸዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ዐይናቸው አላረፈም ነበር። ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ዛሬ ቴሌቪዥኑ በየኪሳችን ነው። ናዳው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ አፈር የለበሱ ሬሳዎች ምስል በፌስቡክና በቴሌግራም ተዛመተ። ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያክም የዋለ ነርስ ማታ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ያንኑ ደግሞ ያያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሥሩ የተጻፈውን «የጤና ባለሙያዎች የት ነበሩ?» የሚል አስተያየት ጨምሮ ያነባል። የቡድን መሪ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ምስል አንቀባበልም» የሚል ደንብ ቢያወጣ ወጪ የለውም።

አሁን የምናገረው በዚህ መስክ ውስጥ እጅግ ትምህርት ሰጪ ሆኖ ያገኘሁት ታሪክ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብናገር እንደምትታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባለ፣ ራሱ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሥራ ያለፈ አሜሪካዊ፣ ለአደጋ ሠራተኞች የሚሆን አንድ ዘዴ አቀረበ። ከአደጋው በኋላ በቀናት ውስጥ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳሰቡና ምን እንደ ተሰማቸው በቅደም ተከተል እንዲናገሩ የሚያደርግ ነው። ዲብሪፊንግ ተባለ። ሐሳቡ ለማንም ሰው የሚጥም ነው፤ «አውጥቶ መናገር ይፈውሳል» የማይል ማን አለ? በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተስፋፋ፣ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ግዴታ ሆነ፤ ከአደጋ ሠራተኞች አልፎም ለማንኛውም ተጎጂ ይሰጥ ጀመር።

ኋላ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ሲፈትሹት ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በመኪና አደጋ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያ ክፉኛ ተጨንቀው ከነበሩት መካከል ዲብሪፊንግ ያልተሰጣቸው በጊዜ ብዛት ሲሻላቸው የተሰጣቸው ግን በጭንቀታቸው እንደ ቆዩ አገኘ። በኮክሬን ሥር የተደረገው የጥናቶች ግምገማም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዲብሪፊንግ ድኅረ አደጋ ጭንቀትን እንደማይከላከል ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ ዘዴ በቅርብ ጊዜ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች እንዳይሰጥ መከረ። የሚቸል ደጋፊዎች «ዘዴው የተሠራው ለሠራተኞች ቡድን ሆኖ ሳለ እናንተ የፈተናችሁት በግለሰብ ሕሙማን ላይ ነው» ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ተብሎ የተጠረጠረን ነገር በግዴታ ለመስጠት ይህ ክርክር ብቻውን የሚበቃ አይደለም።

ለምን እንደማይጠቅም ሳስብ የራሳችን ለቅሶ ቤት ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው «እኛም ተሰብስበን እናለቅሳለን፣ እንናገራለን፤ ታዲያ ለቅሶ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ለቅሶ ቤት ማንም ሐዘንተኛውን «እስቲ ያየኸውን በዝርዝር ንገረን» አይለውም። ለቅሶ ደራሹ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ቁጭ ይላል፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይናገር ተቀምጦ ይወጣል። መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ዝም ያለው በዝምታው ይከበራል። አንድ ቀን ተደርጎ የሚያበቃም አይደለም፤ ሰው ለቀናት ይመላለሳል፣ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ምግቡ ከየጎረቤቱ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ማድ ቤት አይገባም። ሰውነቱም፣ ጓዳውም፣ ዝምታውም ይጠበቅለታል። በዲብሪፊንግ የተወሰደው ንግግሩ ብቻ ነው፤ በንግግሩ ዙሪያ የነበረው ሁሉ ቀርቷል። ይህን የምለው ባሕላችን ሁሉን ይፈውሳል ለማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት «በቃ፣ ዝም በል፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚልም አለ። ሆኖም በአደጋ ማግሥት ባለሙያዎችን ሰብስቦ በግድ ከማናገር ይልቅ ዕድሩ የሚያደርገውን ማድረግ ለማስረጃው የቀረበ ነው።

ዲብሪፊንግን የተካው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ የሚባለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመስክ ሠራተኞች ባወጣው መምሪያ ዘዴው በሦስት ግሦች ይጠቃለላል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት ማን አደጋ ላይ እንዳለና ምን እንደቸገረው ማስተዋል ነው። ማዳመጥ ሳይጫኑ መስማት ነው። ማገናኘት ደግሞ ሰውየውን ከሚያስፈልገው ነገር፣ ከመረጃና ከወዳጆቹ ጋር ማድረስ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ርዳታ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ የወጣው መመሪያ ድጋፉን በፒራሚድ መልክ አስቀምጦታል። ታችኛው ሰፊ መሠረት ደኅንነትና መሠረታዊ አገልግሎት ነው፤ ከዚያ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ ይመጣል፤ ቀጥሎ የተተኮረ የግል ድጋፍ፤ ጫፉ ላይ ብቻ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አለ። እኛ ግን ለጤና ባለሙያዎች ስናስብ ሁልጊዜ ከጫፉ እንጀምራለን። «ሳይኮሎጂስት ይላክ» እንላለን። ሳይኮሎጂስቱ ሲደርስ ነርሷ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም፣ ስልኳ ቻርጅ ስለሌለው እናቷ በሕይወት መኖሯን አታውቅም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋም ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ አልተከፈላትም።

ክፍያውን ሆን ብዬ ነው ያነሣሁት። ባለፉት ዓመታት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ያነሡትን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጉዳዩ ከአእምሮ ጤና የተለየ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ቤቱ የፈረሰበት ባለሙያ ገንዘቡ በወቅቱ ሲደርሰው ልጆቹን ዘመድ ጋር ይልካል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሌሊት ይተኛል። ይህ በፒራሚዱ የታችኛው መሠረት ላይ ያለ ሕክምና ነው። በአንጻሩ ከአደጋ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ነገር ሥልጠና ነው። በዞኑ ከተማ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ስለ ጭንቀት አያያዝ፣ ከውሎ አበልና ከሰርተፊኬት ጋር! ባለሙያው በአበሉ ሊጠቀም ይችላል፣ አልነፍገውም። ነገር ግን በዚያው ሦስት ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች የአምስት ሰው ሥራ ይሠራሉ። ጭንቀትን ለመቀነስ የተደረገው ሥልጠና ጭንቀቱን በቀሩት ላይ ይጭነዋል።

ታዲያ አንድ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ምን ያድርግ? ከመድኃኒትና ከምክር በፊት የሥራ አደላደል አለ። ፈረቃ በአደጋም ጊዜ ፈረቃ ነው፤ «ሁላችንም እንሥራ» የሚለው የመጀመሪያው ቀን መንፈስ ክቡር ነው፣ እስከ አምስተኛው ቀን ከቆየ ግን የሕክምና ስሕተት ያመጣል። ሬሳ የሚያጥቡ፣ ስም የሚመዘግቡና ለቤተሰብ የሚያሳውቁ ሰዎች በየቀኑ ከሌላ ቀለል ያለ ሥራ ጋር ይለዋወጡ። ዘመዱ ከጠፉት መካከል የሆነ ባለሙያ ከሬሳ መለያው ስፍራ ይነሣ። መርዶውን ባለሙያው ብቻውን አይናገር፤ ከአጎራባች ቀበሌ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሼኽ ይጠራ፣ ወንበር ይቀመጥ፣ ውኃ ይዘጋጅ። ሁለት ሁለት ባለሙያ ተጣምረው አንዱ የሌላውን መብላትና መተኛት ይከታተል። ኃላፊው ራሱ ደግሞ በየማለዳው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ለአሥር ደቂቃ ይንገራቸው፤ ወሬ ከእውነት በላይ ያስጨንቃልና።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የጤና ባለሙያ ከሌላው ተጎጂ የሚለይበት አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ የፋርማሲው ቁልፍ እጁ ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣ ባለሙያ ለራሱ ዲያዜፓም መውሰዱ ቀላል ነው፤ ባልደረባውም በቅንነት ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ አደጋ በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለሚታየው አጣዳፊ ጭንቀት የዚህ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል፤ ሱስ ከማስያዛቸውም ሌላ በተፈጥሮ የሚመጣውን ማገገም ሊያዘገዩ ይችላሉ። ሌሊቱን በጫት መንቃትና ንጋት ላይ በአረቄ ለመተኛት መሞከርም እንዲሁ ነው። ይህን በቁጣ ሳይሆን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ተቆጥተን የምናገኘው ውጤት ቢኖር መደባበቅ ነው።

ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ልመለስ። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን፣ ከዚያው ከማኅበረሰቡ መርጦ፣ ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ መመደብ ነበር። ሁለቱ በአማካይ ለ5 ሺሕ ያህል ሰው ያገለግላሉ። ጥንካሬው ከማኅበረሰቡ መውጣታቸው ነው፤ በአደጋ ጊዜ ግን ይኸው ጥንካሬ ሸክም ይሆናል። ከአዲስ አበባና ከክልሉ የመጡት ቡድኖች በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ፣ ጋዜጠኞችም ይሄዳሉ። እርሷ ትቀራለች። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ለእያንዳንዱ አባወራ የተከፈተ የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ የልጆቹ ክትባት፣ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሁኔታ ሁሉ በእርሷ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። ቤተሰቡ በሙሉ ሲጠፋ ያንን ማኅደር ምን ታደርገዋለች? የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ «ተከታትላ ያላስከተበቻቸው» ሕፃናት ቁጥር ከፍ ብሎ ይታይና ከወረዳው ማብራሪያ ትጠየቃለች? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለሠራተኞቹ ያለውን አሳቢነት የምለካበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ማኅደሮቹን እርሷ ብቻዋን እንዳትዘጋ ሌላ ሰው ልኮ አብሯት እንዲሠራ ማድረጉ፣ የአፈጻጸም ዕቅዷንም ማስተካከሉ። ለጥቂት ወራት ከአጎራባች ወረዳ ተተኪ መመደብና እርሷ ስትፈልግ ብቻ እንድትመለስ መፍቀድም ይቻላል። «ስትፈልግ» የምለው አንዳንዶቹ ለመፈወስ የሚረዳቸው መሥራቱ ራሱ ስለሆነ ነው፤ ለደኅንነቷ ተብሎ በግዴታ ማራቅ እንደ ቅጣት ሊቆጠር ይችላል።

ከአንድ ወር በኋላም ያልተሻለው፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ ከሰው የራቀ፣ በመጠጥ የተያዘ፣ ወይም ስለ ሞት የሚናገር ባለሙያ ሲኖር ወደ ፒራሚዱ ጫፍ መሄድ ግድ ነው። እዚህ ላይ በትናንሽ ከተሞች የሚገጥመን ችግር ምሥጢር ነው። በወረዳው ያለችው አንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ ከበሽተኛው ጋር በአንድ ካፍቴሪያ ምሳ የምትበላ የሥራ ባልደረባው ናት። ካርድ ክፍል የሚሠራው ደግሞ የባለቤቱ ወንድም ነው። «አእምሮውን ታሞ ነበር» የሚል ወሬ ለአንድ ሐኪም የሙያ ዘመን ሁሉ የሚከተል ስም ይሆናል። ስለዚህ የባለሙያዎች ሕክምና ከወረዳቸው ውጭ፣ ቢቻል ከዞናቸውም ውጭ፣ በስልክም ጭምር እንዲሆን ከአሁኑ መዘጋጀት አለበት። ከዚህ በታች ላለው ጭንቀት ደግሞ ስፔሻሊስት የማይጠይቁ ዘዴዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ካዘጋጃቸው አንዱ በድምፅ በተቀዳ ትምህርትና በሥዕላዊ መጽሐፍ፣ በአምስት ስብሰባዎች፣ እስከ 30 ለሚደርሱ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። በኡጋንዳ በሚገኙ ደቡብ ሱዳናውያን ሴት ስደተኞች ላይ ተፈትኖ ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸውን እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጎፍኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ቀድቶ ማስቀመጥ ለቋንቋና ለሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች የሚስማማ የጋራ ሥራ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ትርጉም ሁልጊዜ ይዘገያል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። «ልጆቹን በሙሉ ያጣ ገበሬ ባለበት ስፍራ፣ ያለችንን አንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ ለደመወዝተኛው ባለሙያ መመደብ ፍትሕ ነውን?» ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባለሙያው ካልዳነ ሕዝቡን አያድንም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ግን አይበቃኝም፤ ባለሙያውን እንደ መሣሪያ፣ እንደሚጠገን አምቡላንስ ያየዋልና። ባለሙያው የሚረዳው ሰው ስለሆነና ስለ ተጎዳ ነው፤ ወረፋውም ከገበሬው ጋር እኩል ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸው አብዛኞቹ ነገሮች ግን፣ ፈረቃው፣ ክፍያው፣ የመርዶው አነጋገር፣ የማኅደሩ ጉዳይ፣ ከገበሬው ወረፋ ምንም የሚቀንሱ አይደሉም። የአስተዳደር ሥራዎች ናቸው። የነርሷ ጊዜ የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው፤ ያንን ጊዜ በችግሩ ክብደት እንጂ በሥራ መደብ አናድለው።

ጊዜ ሌላው ጉዳይ ነው። ናዳ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል። በተራራማው ደቡብ ለሚሠራ ባለሙያ የሐምሌ ዝናብ የቆርቆሮ ድምፅ ራሱ አስታዋሽ ነው። በሌላ በኩል ጊዜው ፈጽሞ የማያልፍ አደጋም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው ለወራት የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የካቲት 7 ቀን በሬክተር ስኬል 6.0 እስከ መድረስ የዘለቀው፣ አሥር ሺዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። እዚያ «ከአደጋው በኋላ» የሚባል ጊዜ መቼ ነው? ጤና ባለሙያው ከተፈናቃዩ ጋር ድንኳን ውስጥ ሆኖ፣ መሬቱ ከሥሩ እየተንቀጠቀጠ፣ «አይዞህ» ማለት ነበረበት። ለእንዲህ ያለ ዝግተኛ አደጋ አሁን ያሉን መመሪያዎች በቂ አይደሉም፤ አብዛኞቹ የተጻፉት መጀመሪያና መጨረሻ ላለው አደጋ ነው። ከመካከላችሁ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ ይህን ይውሰድ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት። በሥርዐተ ትምህርታችን ውስጥ የመርዶ አነጋገር በአንድ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይታለፋል፤ ተማሪዎቹም የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው እየተሳሳቁ ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ በመስክ ልምምድ ወቅት ተማሪዎቻችን ከአንድ ዕድር ጋር እንዲቀመጡ ነው፤ መርዶ ሲታቀድ እንዲያዩ፣ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚይዝ፣ ማን ውኃ እንደሚያቀርብ እንዲጽፉ። ሁለተኛው፣ ተመራቂዎቻችን ከተመደቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሊደውሉለት የሚችሉ አንድ መምህር እንዲመደብላቸው ነው፤ ለውጤት ሳይሆን ለመነጋገር ብቻ። ይህን ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ በፊት በጽሑፍ አቀርባለሁ። የስም ዝርዝሩ የሚሞላው ግን በፈቃደኞች ስለሆነ፣ ስልኩን በሌሊት ለማንሣት የሚስማሙ ባልደረቦች ከዚህ አዳራሽ ሲወጡ በር ላይ ያለችው ረዳት ዘንድ ስማቸውን ቢያስመዘግቡ ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።